ገብቷል ያልኩት ዱአ

እኔ በጂንና በመንፈስ ወሬ የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ «ድሮም ፈሪ ነው» እንዳትሉኝ ነው። ሸዋ ሮቢት መጥቼ ቪዲዮ ቤት የከፈትኩ ሰሞን ሰው ሁሉ «በቀትር ወንዙ ዳር አትሂድ፣ የሚመታ ነገር አለ» እያለ ሲመክረኝ «የሚመታውማ ፀሐዩ ነው» ብዬ የምስቅ፣ ለሁሉም ነገር ሽቦውንና ሶኬቱን የምፈልግ ሰው ነበርኩ። ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ተወልጄ ስላደግኩ ከዚህ አገር ሙቀት በቀር የሚያስፈራኝ አልነበረም። ደግሞ ይህ የምነግራችሁ ነገር እንደ ሌላው ሰው ገጠመኝ በጨለማ የሆነ አይደለም፣ በቀን ነው፣ ያውም እሁድ በስምንት ሰዓት፣ ፀሐይዋ የሱቄን ቆርቆሮ እየጠበሰችው። ጠጥተህ ነበር ወይ የሚለኝም አይጠፋም፣ እመኑኝ፣ ያን ቀን ከውሃ በቀር በአፌ የዞረ ነገር የለም።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ስለ ባትሪ ማውራት አለብኝ፣ ትንሽ ታገሡኝ። ጊዜው ሞባይል ስልክ በከተማችን ገና የባለሥልጣንና የሀብታም ዕቃ የነበረበት፣ ሠርጉም ምርቃቱም በትንሿ ካሴት ተቀርፆ ወደ ትልቁ ካሴት ተገልብጦ ለባለቤቱ የሚሰጥበት ጊዜ ነው። አንዲት ካሜራ ነበረችኝ፣ እንጀራዬ እሷ ነበረች፣ ባትሪዋ ግን የቆላውን ሙቀት አልቻለም፣ በሁለተኛው ዓመት ደክሞ ሰባት ደቂቃ ሠርቶ መተኛት ጀመረ። ሲያልቅ አያምር ነውና ሠርግ መሃል እያሳፈረኝ ሲያስቸግር አዲስ አበባ ወጣሁ፣ መርካቶ ገብቼ ኦርጅናሉን ስጠይቅ ዋጋው የበሬ ዋጋ ሆነብኝ። ነጋዴው ፊቴን አይቶ ከሥር ሌላ አወጣልኝ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ምን ጎደለው? መልኩ አንድ፣ ቅርፁ አንድ፣ ያለችግር ይገባልሃል፣ ሦስት ሰዓት ይሠራል» አለኝ። በእጄ ስይዘው ከኦርጅናሉ ቀለል ይላል። ይህን አስተውያለሁ፣ አስተውዬም ገዛሁት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፣ እኔ ግን ጠርጥሬም ተመንጥሬያለሁ።

የፎርጅድ ባትሪ ክፋቱ ማለቁ አይደለም፣ የትኛውም ባትሪ ያልቃል። ክፋቱ አለመናገሩ ነው። ኦርጅናሉ ሊያልቅ ሲል ዓይናችንን በምንደቅንበት ማያ ውስጥ ያለችው ምልክት ብልጭ ድርግም እያለች «ተዘጋጅ» ትላለች፣ ይሄኛው ግን ምልክቱን እንደ ሞላ ያቆየውና ድንገት ድርግም ይላል፣ በቃ። በእኛ ሥራ ደግሞ ሽማግሌ እየመረቀ ካሜራ አይወርድም። ቀራጩ ዕቃውን ዝቅ ካደረገ እናቶች «ምርቃቱ ተቋረጠ» ብለው ክፉኛ ይደነግጣሉ፣ ትዳሩ ላይ አንድ ነገር የደረሰ ቀን ጥፋቱ የካሜራው ሰውዬ ነው። ስለዚህ ባትሪ ሲሞትብን ምን እናደርጋለን መሰላችሁ፣ ዓይናችንን ከማያው ሳንነቅል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ አሚን እያልን እስከ መጨረሻው እንቆማለን፣ በኋላ ያንን ቦታ በፎቶና በዘፈን እንሞላዋለን። ደረቅ ቀረፃ እንለዋለን። ሁሉም ያደርገዋል፣ እኔ አልፈጠርኩትም።

ጋሽ እንድሪስ የማሾና የማሽላ ነጋዴ ነበሩ፣ ቃላቸው ከሚዛናቸው ይበልጣል የሚባሉ፣ ረጅም፣ ሳቅ የማያበዙ ሰው። ልጃቸው ከማል አስተማሪ ነው፣ ጓደኛዬም ነው። ከእሱ በታች ዘሃራ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው፣ ዓይናቸው እሷ ነበረች ይላሉ የሚያውቁ ሰዎች፣ እሷ ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ደላላ አግኝታ ወደ ጅዳ ለመሄድ ተነሣች፣ ጋሽ እንድሪስ «ከዚህ ደጅ ከወጣሽ ልጄ አይደለሽም» አሏት፣ ወጣች። አምስት ዓመት ሙሉ ስሟን አልጠሩም። ዓርብ ዓርብ ስትደውል ሚስታቸው እትዬ ፋጡማ ስልኩን ሲያነሱ እሳቸው ጫማቸውን አጥልቀው ከቤት ይወጣሉ፣ ወሬው ሲያልቅ ይመለሳሉ። እሷም በየስልኩ መጨረሻ «አባባ የለም?» ትላለች፣ እናትየውም «ሱቅ ነው» ይላሉ፣ ሁሉም እውነቱን እያወቀ።

በመጨረሻ ጉበታቸው ታመመ፣ ደሴም ወሰዷቸው፣ አዲስ አበባም ወሰዷቸው፣ ሐኪሞቹ ወደ ቤታቸው መለሷቸው። ከዚያ አንድ ቀን ከማል ሱቄ መጣ።

«ታዴ፣ አባባ የካሜራውን ሰውዬ ጥሩልኝ ብሏል» አለኝ።

«ለምን?»

«ለዘሃራ የምላት አለኝ ነው የሚለው። ስልክ እንደውልልህ ብንለው ፊቴን እያየች ትስማኝ አለ።»

«ምን ሊላት ነው?»

«አላህ ይወቅ። እናቴ አፉ ሊላት ነው ብላ ከአሁኑ ታለቅሳለች። እኔ ግን እንጃ፣ አባባን ታውቀዋለህ፣ ከያዘ አይለቅም። ማክሰኞ ወደ ጅዳ የምትመለስ የጎረቤት ልጅ አለች፣ ካሴቱን እሷ ትይዝልናለች።»

በዚህ አገር አፉ መባባል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሰው መንገድ ሲሄድም፣ በጠና ሲታመምም፣ ያስቀየመውን ሁሉ እየዞረ አፉ በሉኝ ይላል፣ ይቅር የተባለ ሰው በሰላም ይተኛል፣ አባቱ አፉ ሳይለው የሞተበት ልጅ ግን ያ ነገር ዕድሜውን ሁሉ ይከተለዋል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ግን አብሬያቸው ስኖር ይህን በደንብ አውቄያለሁ። አውቄም ነው ያንን ባትሪ ይዤ የሄድኩት።

ረቡዕ ከቀትሩ ሶላት፣ ከዙሁር በኋላ ነበር። መብራት ጠፍቷል፣ ስለዚህ ካሜራዋን ግድግዳ ላይ መሰካት አይቻልም። ጋሽ እንድሪስ አልጋቸው ላይ በትራስ ተደግፈው ነጭ ቆብ አድርገው ተቀምጠዋል፣ ሰውነታቸው አልቆ ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል። እትዬ ፋጡማና ከማል አጠገባቸው ሊቀመጡ ሲሉ በእጃቸው ወደ በሩ አመለከቱ፣ «ውጡልኝ፣ የምናገረው ከልጄ ጋር ነው» አሉ። ወጡ። ክፍሉ ውስጥ የቀረነው እሳቸውና እኔ ነን።

«አላህ ያሽርዎት ጋሼ» አልኩ።

«አሚን። ዕቃህ ደህና ነው ልጄ? ሁለተኛ የምናገርበት አቅም የለኝም።»

ማያውን አየሁ፣ ምልክቱ ሙሉ ነው። «ደህና ነው ጋሼ፣ ይጀምሩ» አልኩ።

«ዘሃራ፣ አባትሽ ነኝ» ብለው ጀመሩ። «ከስቻለሁ፣ አትደንግጪ። ቦይ ውስጥ የወደቅሽበትን ቀን ታስታውሺው እንደሆን እንጃ፣ ትንሽ ነበርሽ። ሽንኩርት እያጠጣን ውሃው ይዞሽ ሄደ። እኔ ዋና አላውቅም፣ ገባሁ። ሳወጣሽ ለነፍስሽ አላለቀስሽም፣ አንድ እግር ጫማዬ ጠፋ ብለሽ ነው ያለቀስሽው። እኔም ያን ጫማ እስኪመሽ ስፈልግ ዋልኩ፣ ሰው ሲስቅብኝ።» እዚህ ላይ ፈገግ አሉ፣ ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ። «አላስቀየምሽኝም አልልሽም፣ አስቀይመሽኛል። ሰው የእንድሪስ ልጅ ሲል አንገቴን ደፍቻለሁ። አምስት ዓመት በሆዴ የያዝኩትን ዛሬ በአላህ ፊት እናገረዋለሁ፣ ስሚኝ» አሉና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ወደ ላይ አነሡ።

ማያው ጠፋ። ምልክት የለ፣ ብልጭታ የለ፣ ድርግም።

እዚህ ላይ ልዋሻችሁ አልችልም። ቦርሳዬ ውስጥ ያ ያረጀው ኦርጅናል ባትሪ ነበር፣ ቻርጅ አድርጌዋለሁ፣ ሰባት ደቂቃ ይሠራል፣ ሰባት ደቂቃ ደግሞ ይበቃ ነበር። «ጋሼ፣ አንዴ ይታገሡኝ» ማለት ብቻ ነው፣ አራት ቃል እንኳ አይሞላም። አላልኩም። የተዘረጋውን እጃቸውን ሳይ የለመድኩት ነገር ያዘኝ፣ ዱአ አይቋረጥም፣ ካሜራ አይወርድም፣ ደግሞም አሁን ገና ዕቃህ ደህና ነው ወይ ብለውኝ ደህና ነው ብያለሁ፣ አፈርኩ። ዓይኔን ጥቁሩ ማያ ላይ ተክዬ ቆምኩ። እና ምን ሳስብ ነበር መሰላችሁ፣ ያንን የመርካቶ ነጋዴ ምን ብዬ እንደምሰድበው፣ ቃል እየመረጥኩ። የጋሽ እንድሪስ ድምፅ ይሰማኛል፣ አንዴ በአረብኛ አንዴ በአማርኛ፣ ዝቅ ብሎ፣ ግን አላዳመጥኩትም። በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ጆሮ ብቻ ነበር፣ እሱም የኔ፣ እሱም ሥራ ላይ አልነበረም።

ሲጨርሱ ፊታቸውን በሁለት መዳፋቸው አበሱ። እንባቸው ጢማቸው ላይ ወርዷል። ወደ እኔ ዞረው «ገባልህ ልጄ?» አሉኝ።

«ገብቷል ጋሼ» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ትራሳቸው ላይ ወደቁ።

ልክ እንደ ወጣሁ አንድ ነገር ወሰንኩ፣ ነገ ጠዋት ሁለቱንም ባትሪ ሞልቼ እመጣለሁ፣ ድምፁ ላይ እንከን አለ ብዬ አንዴ እንዲደግሙልኝ እለምናለሁ አልኩ። ማታ መብራት ሲመጣ ሌሊቱን ቻርጅ ሳደርግ አደርኩ። በማግሥቱ በጠዋት ካሜራዬን አንግቼ በራቸው ስደርስ ሰው ግቢውን ሞልቶት አገኘሁ፣ በንጋቱ ሶላት፣ በሱብሂ ሰዓት አርፈው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ፣ ሁለት የሞላ ባትሪ በኪሴ ይዤ ጀናዛቸውን ሸኘሁ። ከማል ከመቃብር ስንመለስ ትከሻዬን ይዞ «ደግ አደረግክ፣ አንተ ባትኖር ዘሃራ ምን ይቀራት ነበር» አለኝ።

ዓርብ ዕለት ካሴቱን ሱቄ ውስጥ በቴሌቪዥን አየሁት። ቦዩ አለ፣ ጫማው አለ፣ «ስሚኝ» ይላሉ፣ እጃቸው ይነሣል፣ ከዚያ ሰማያዊ። ሦስቴ አየሁት፣ እስከ ካሴቱ ጫፍ ድረስ ሰማያዊ ነው፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ያንን ባትሪ በንዴት ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ቅዳሜ ለከማል ልነግረው ሁለቴ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ፣ ሁለቴም ለቅሶ ተቀምጬ ተመለስኩ።

እሁድ ካሴቱን ወደ ትልቁ ልገለብጥ ካሜራዋን ከዴኩ ጋር አያይዤ ገና ሳልጀምር መብራት ጠፋ። የሸዋ ሮቢት መብራት ሲመለስ ኃይሉ ዕቃ ስለሚያቃጥል የካሜራዋን ገመድ ነቀልኩ፣ ባትሪም የላትም፣ ኋላዋ ባዶ ነው፣ የባትሪ ማስገቢያው ላይ ያሉት የነሐስ ጥርሶች ይታያሉ። ሱቁን ገርበብ አድርጌ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ከተማው በዚያ ሙቀት ጭር ብሏል፣ በመንገዱ ላይ ጭነት መኪና እንኳ አያልፍም።

መጀመሪያ «ቲት» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ካሜራዋ ስትበራ የምታሰማት ድምፅ ናት፣ በእንቅልፌም አውቃታለሁ፣ ግን የጎረቤት ሬዲዮ ይሆናል አልኩ። ቀጥሎ የካሴቱ ጎማ ሲዞር የሚያሰማው ቀጭን ሽውታ መጣ። እሱንም ዝንብ ነው አልኩ፣ ሰው ማመን የማይፈልገውን ነገር ዝንብ ነው ለማለት አይሰንፍም። ከዚያ ዞር ስል የካሜራዋ ፊት ላይ ያለችው፣ ስትቀርፅ የምትበራው ቀይ መብራት በርታለች።

ተነሣሁ። ገመዱን አየሁ፣ ወለሉ ላይ ነው። መሳቢያውን ከፈትኩ፣ ባትሪው እዚያው ተኝቷል። እጄን ከካሜራዋ በስተኋላ አስገብቼ ባዶውን ቦታ ዳሰስኩት፣ ይሞቃል፣ ግን በዚያ ቀትር ምን የማይሞቅ ነገር ነበር? መሸሽ ነበረብኝ፣ ግን የሃያ ሠርግ ልማድ ነው መሰለኝ ጎንበስ ብዬ ዓይኔን ማያው ላይ አደረግኩ።

ጋሽ እንድሪስ ነበሩ። አልጋቸው ላይ፣ በነጭ ቆባቸው፣ እጃቸውን ዘርግተው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የላቸውም። አንዳች ድምፅ አለ፣ ግን የሳቸው አይደለም፣ ቀርቦ የሚሰማ ትንፋሽ ነው፣ ካሜራ ተሸክሞ የቆመ ሰው ትንፋሽ። የራሴን ትንፋሽ አወቅኩት። አንድ ቦታ ላይ ያ ሰው በጥርሱ መሃል «ኤጭ» አለ፣ ያንን ማለቴን ጭራሽ ረስቼው ነበር፣ ነጋዴውን ስሰድብ ያመለጠኝ ነው። «ኤጭ» ሲል ጋሽ እንድሪስ ከንፈራቸው ቆመ፣ ዓይናቸውን ከላይ መልሰው ቀጥ ብለው ወደ እኔ አዩ፣ እያዳመጠ ነው ወይ ብሎ እንደሚያይ ሰው። ይህንን በዕለቱ አላየሁም፣ ማያው ጥቁር ነበር፣ እንዴት አያለሁ? ከዚያ ቀጠሉ። ጨረሱ፣ ፊታቸውን አበሱ፣ ያን ጊዜ ብቻ ድምፃቸው መጣ፣ «ገባልህ ልጄ?» የኔም ድምፅ ጥርት ብሎ ተከተለ፣ «ገብቷል ጋሼ።»

ካሜራዋ ጠፋች።

ምን ያህል እንደ ቆምኩ አላውቅም፣ መብራት ሲመጣ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል። ገመዱን ሰክቼ ካሴቱን በቴሌቪዥን አየሁት። ዓርብ ዕለት ሰማያዊ የነበረው ቦታ ላይ ምስሉ አለ፣ ከትንፋሹና ከኤጩ ጋር፣ አንድም ሳይቀር። እስከ ዛሬ ለብዙ ባለሙያ አስረድቻለሁ፣ አንዱ «ካሴቱ ተጣብቆ ይሆናል» አለኝ፣ አንዱ «ካሜራው ውስጥ የተረፈ ኃይል ነው» አለኝ፣ እሺ፣ ዓርብ ሰማያዊ የነበረውስ? ስላቸው ወሬ ይቀይራሉ።

ያን ማታ ያስጨነቀኝ ግን ምስሉ ከየት መጣ የሚለው አልነበረም። ይሄን ለልጅቱ እንዴት እሰጣለሁ የሚለው ነበር። አባት እጁን ዘርግቶ ይመርቃል፣ አባት እጁን ዘርግቶ ይራገማልም። ድምፅ ከሌለ ሁለቱ በምን ይለያሉ? እንባውስ? እንባ በሁለቱም ይወርዳል። ላጠፋው አስቤ ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ነበር፣ ግን ምን ብዬ ላጥፋው፣ የአባቷ መጨረሻ ፊት ነው። ሁሉንም ገለበጥኩት። ሰኞ ለከማል ስሰጠው «ምን አላት?» ብሎ በፍርሃት ጠየቀኝ፣ «የአባትና የልጅ ነገር ነው፣ እሷ ትስማው» አልኩት። እነሱም ለማየት ልብ አልነበራቸውም፣ ካሴቱ ተጠቅልሎ ሄደ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከማል ተመልሶ መጣ፣ ዓይኑ ቀልቷል።

«ዘሃራ ደውላ ነበር። ዋናው ቦታ ላይ ድምፅ የለውም ትላለች። መረቀኝ ወይስ ረገመኝ እያለች እናቴን በስልክ ታስለቅሳታለች። ታዴ፣ አንተ እዚያ ነበርክ፣ በዲንህ ንገረኝ፣ ምን አለ?»

«መርቋታል። አፉ ብሏታል» አልኩት።

አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። እትዬ ፋጡማም ሰምተው ሱቄ ድረስ በእግራቸው መጥተው እጄን ስመው መረቁኝ፣ እኔን። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፣ የኔው ግን እያደር ከበደ። አዎ፣ ብለዋት ይሆናል፣ ብለዋታል ብዬም አምናለሁ፣ ስለ ጫማው ሲያወራ ፈገግ ያለ ሰው እንዴት ይራገማል? ግን «አስቀይመሽኛል» ሲሉ ፊታቸው እንዴት እንደ ጠቆረም አይቻለሁ። አላውቅም፣ እውነቱ ይሄ ነው።

ዘሃራ የመጣችው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ቪዲዮውን ትቼ የሞባይል ጥገና ከፍቻለሁ፣ በመንገዱ ላይ ባጃጅ መርመስመስ ጀምሯል። ከሰዓት በኋላ አንዲት ጥቁር የለበሰች ቀጭን ሴት ገባች፣ የምትጠገን ስልክ አልያዘችም። ዓይኗን እንዳየሁ የማን ልጅ እንደ ሆነች ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም።

«ታደሰ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«አዎ፣ ነኝ።»

«እስቲ አንድ ጊዜ ገብቷል ይበሉ።»

«ገብቷል» አልኩ።

ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። «እርስዎ ነዎት» አለች። «ከአባቴ ድምፅ ይበልጥ የርስዎን ድምፅ ነው የማውቀው። ምን ብሎ ነበር?»

«መርቆሻል፣ አፉ ብሎሻል።»

«ይሄንንም በዚያው ድምፅ ነው ያሉት» አለችኝ። አልተቆጣችም፣ ብትቆጣኝ ይሻል ነበር። ወንበር ሰጠኋት፣ ተቀመጠች፣ እኔም ሁሉንም ነገርኳት፣ ስለ ፎርጅዱ ባትሪ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ስለ ነበረው ኦርጅናል፣ ቆሜ ነጋዴውን ስሰድብ አባቷን እንዳልሰማኋቸው፣ ስለዚያ እሁድም ነገርኳት፣ ስለ ካሜራው። ስለ ካሜራው ስነግራት አልገረማትም፣ የገረማት ሌላ ነው።

«ታዲያ ኤጭ ያሉት ለባትሪው ነበር?» አለች።

«ለባትሪው ነው።»

ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። «እኔ ደግሞ ለኔ መስሎኝ። አባባ የሚለውን ሰምተው፣ ምን ዓይነት ክፉ ነገር ቢለኝ ነው ባዕድ ሰው ኤጭ ያለው እያልኩ፣ ስድስት ዓመት፣ በሰው ወጥ ቤት ቆሜ ዕቃ ሳጥብ ኤጭ ስሰማ።» ሻሿን ፊቷ ላይ ይዛ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ጎረቤቶቹ ስልክ ጠፍቶባት ነው ብለው አጽናኗት።

ስትወጣ በሩ ላይ ቆመች። «አባቴ ምን እንዳለኝ አላህ ያውቃል» አለች። «እኔ ግን አፉ ብዬዎታለሁ።» አባቷ ብሏት ይሁን አይሁን የማታውቀውን ቃል ለኔ ሰጥታኝ በዚያ ፀሐይ ውስጥ ሄደች፣ ወር ሳይሞላም ወደ ጅዳ ተመለሰች ሲባል ሰማሁ።

አፉ ተብያለሁ፣ ስለዚህ መተኛት ነበረብኝ። ግን አሁንም መብራት ጠፍቶ ሱቁ ጭር ሲል ያንን ካሴቱ ላይ የነበረውን ትንፋሽ እሰማለሁ። የኔው ነው እላለሁ፣ ለማረጋገጥም ትንፋሼን ይዤ አዳምጣለሁ። አያቋርጥም።